እሁድ ከሰዓት፣ በተዘጋ ፀጉር ቤት

ጥቅምት 4

ይድረስ ለምራቴ፤

“ለቀድሞ ምራቴ” ብዬ ጀምሬ ሰረዝኩት። ፍርድ ቤቱ ያፋታው አንቺንና ልጄን ነው፤ አንቺና እኔ ስለመፋታታችን እስካሁን የደረሰኝ ወረቀት የለም። ስለዚህ በድሮው ወግ እጠይቅሻለሁ፦ ጤናሽ እንዴት ነው? ሥልጠናውስ? ላብራቶሪ ውስጥ ደም ለመቅዳትና ለመመርመር ዓመት ሙሉ ቤት ለቅቆ መማር ያስፈልጋል ሲሉኝ ገርሞኛል። እኔ በምላጬ ስንቱን ደንበኛ ያለ አንዳች ሥልጠና አድምቻለሁ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴ ብቻ ከእኔ ቀድሞ ጡረታ ወጥቷል።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። እንዳዘዝሽኝ በስልክ ሳይሆን በጽሑፍ ነው። ይሄ ለእኔም ተስማምቶኛል፤ በስልክ ስናወራ ታቋርጪኛለሽ፣ ወረቀት ግን ያስጨርሰኛል።

የመጀመሪያው “ግንኙነት” ትናንት ተካሄደ። ቃሉን ከፍርድ ቤቱ ትእዛዝ ላይ ነው የወሰድኩት፤ አባት ልጆቹን ማየቱ ስም እንዳለው አላውቅም ነበር። በትእዛዙ መሠረት በየሁለት ሳምንቱ እሁድ ከሰዓት፣ ፀጉር ቤቴ ተዘግቶ፣ እኔ ተቆጣጣሪው “ከዓይንና ከጆሮ ሳልርቅ”። አንቺ እስክትመለስ ልጆቹን የያዘችው እህትሽ አምጥታ በር ላይ ስታስረክበኝ ክፍሉን በዓይኗ በረበረችው፤ ከፎጣዎቹ መሃል ሰው የደበቅሁ ይመስል።

ልጄ ቀድሞ ደርሶ ነበር። የሥራ ልብሱን አውልቆ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፤ የሊፍት ግሪስ ግን ከጥፍሩ ሥር አልወጣለትም። ትንሿ፣ ድንቡሼ፣ እንዳየችው ሮጣ አንገቱ ላይ ተጠመጠመች። ትልቋ፣ ማለትም አቃቤ ሕጓ፣ በሩ አጠገብ ካለው የተራ መጠበቂያ አግዳሚ ላይ ቦርሳዋን አቅፋ ተቀመጠች። ዘጠኝ ዓመት የሞላት ልጅ ሳትሆን ቀጠሮ ያረፈደባት ደንበኛ ነው የምትመስለው።

ልጄ ከእኔ ጋር እንዳላወራ ትገምቻለሽ። ባለፈው ዓመት ልጆቹን ለእረፍት ቀን ወስዶ ሳይመልስ ሌላ ከተማ ጓደኛው ቤት ይዟቸው በቆየ ጊዜ፣ ያሉበትን ደውዬ ከነገርኩሽ ወዲህ ልጄ ለእኔ ያለው ቃል አልቋል። ትናንትም በልጆቹ በኩል ነው የተነጋገርነው። “አባባን ካቻቢቴ አለው ወይ በይው” ይላታል ድንቡሼን፤ እኔ እጄን ብዘረጋ የምነካው ቦታ ተቀምጬ። ድንቡሼም ዞር ብላ ትጮህብኛለች። አቃቤ ሕጓ ከአግዳሚው ላይ ሆና፣ “አባዬ፣ አባባ እኮ አልደነቆረም” አለችው። ትናንት ለእኔ የቆመ ብቸኛ ሰው እሷ ናት።

አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ከሰው ሁሉ እኔን መምረጥሽ ለምንድን ነው? እህት አለሽ፣ ጎረቤት አለሽ። አንቺ ግን የተከሳሹን አባት ጠራሽ። ዳኛዋ እንኳ መነጽሯን አውልቃ ነበር ያየችሽ።

አማትሽ


ጥቅምት 13

ለአባባ፤

ደብዳቤዎ ደርሶኛል። ደህና ነኝ፤ ሥልጠናውም ደህና ነው። ጉልበትዎን ለሐኪም ያሳዩ፤ በቀልድ አይድንም።

የጻፉትን ሁለቴ አነበብኩት። በመጀመሪያው ሳቅሁ፤ በሁለተኛው የምፈልገውን አጣሁ። ደብዳቤዎችዎን ለፍርድ ቤት ነው የማስገባው። በሚያዝያ ዳኛዋ ልጆቹን ያለ ተቆጣጣሪ ማየት ይችል እንደሆነ ስትወስን የምታነበው እነሱን ነው። ስለዚህ ትእዛዙ የሚከለክለውን አንድ በአንድ ይመልሱልኝ። እኔ ያለሁበትን አድራሻ ጠይቋቸዋል? ቃል የገባላቸው ነገር አለ? እርስዎ በሌሉበት የቆዩበት ጊዜ አለ?

ለምን እርስዎን እንደመረጥኩ ሌላ ጊዜ እነግርዎታለሁ። አሁን ቢያውቁት ለሥራው አይጠቅምዎትም።

የልጆቹ እናት


ኅዳር 3

ይድረስ ለተከበሩ የላብራቶሪ ባለሙያ፤

እንደታዘዝኩት፦ አድራሻሽን አልጠየቀም። ቃል አልገባም፤ ለድንቡሼ “ሌላ ሙዝ እሰጥሻለሁ” ማለቱ ቃል ከተባለ ግን ገብቷል፣ ፈጽሟልም። እኔ በሌለሁበት አልቆዩም። ይህን ገጽ በማይክሮስኮፕ ብታዪውም ሌላ ነገር አይገኝበትም። ዳኛዋ እዚህ ላይ ንባቧን ብታቆም አልቀየማትም።

የቀረው ላንቺ ነው። እንዴት እንደምቆጣጠር ልንገርሽ። ጀርባዬን ሰጥቻቸው፣ ጋዜጣ ዘርግቼ፣ ከትልቁ መስታወት ፊት እቀመጣለሁ። ሰው ዓይን ዓይኑን ሲያዩት የገዛ ልጁን ማቀፍ እንኳ ያፍራል። ፀጉር አስተካካይ ደግሞ ዕድሜ ልኩን ሰው የሚያየው በመስታወት ነው፤ ከበሩ እስከ እጅ መታጠቢያው ከእኔ የሚያመልጥ የለም። ጋዜጣውን ገልብጬ መያዜን አቃቤ ሕጓ ደርሳበታለች፤ ለጊዜው ክስ አልመሠረተችም።

ሦስተኛውን ወንበር ታስታውሺዋለሽ፤ ከፍ ዝቅ ማለቱን ትቶ ደንበኛን ወደ ጎን የሚያዘነብለውን። ልጄ ካቻቢቴ የጠየቀው ለእሱ ኖሯል። በመጣ ቁጥር እየፈታታ ይጠግነዋል። ድንቡሼ ብሎኖቹን በሳህን ይዛ ትቆማለች፤ የትኛው ከየት እንደወጣ እንድታስታውስ አደራ ሰጥቷታል። አንዱን አፏ ውስጥ ስታስቀምጠው አይቼ ሳልኩ፤ እሱም ቶሎ ተቀበላት።

ባለፈው እሁድ ትልቋ ከአግዳሚው ተነሥታ ቀረበች። ሊፍት ሰው ይዞ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን እንደሆነ ጠየቀችው። እሱም ፒንሳውን አስቀምጦ፣ ገመዱ ቢበጠስ እንኳ ሊፍቱን ይዞ የሚያቆመው ፍሬን እንዳለ አስረዳት፤ በእጁ እያሳየ፣ እንደ ትልቅ ሰው ቆጥሯት።

“ፍሬኑንስ ማን ያየዋል?” አለችው።

“እኔ።”

“አንተንስ?”

ወደ እኔ ጀርባ ጠቆማት። ልጅቷ ብሎን አቀበለችው።

ይሄን ላንቺ ብቻ የምጽፈው ወድጄ አይደለም። እነዚህ እሁዶች ለእኔም ናቸው። ልጄን በሌላ ቀን አላየውም፤ ብሄድ በሩን አይከፍትም፣ ብደውል አያነሳም። ትእዛዙ አባትና ልጆች ያገናኘ መስሎት እኔንም ጨምሮ አገናኝቷል። ይህ ነገር ቢበላሽ እኔም አብሬያቸው ነው የምወጣው። እወቂልኝ ብዬ ነው፤ አዝኚልኝ አላልኩም።


ኅዳር 16

ለአባባ፤

ባለፈው እንደ ፖሊስ ጻፍኩልዎት፤ ይቅርታ። እህቴንም ክፍሉን መበርበሯን እንድትተው ነግሬያታለሁ። ተቆጥታለች፤ እርስዎ ግን በሚቀጥለው ጊዜ ሻይ ቢያቀርቡላት ይበርድላታል።

ከደብዳቤዎ የመጀመሪያውን ገጽ ብቻ ለፍርድ ቤት አስገብቻለሁ። ሁለተኛው እኔ ዘንድ ይቀመጣል።

ትልቋ በስልክ ስለ ሊፍት ፍሬን ነገረችኝ። ረጅም ሰዓት። ስለ አባቷ አንድም ቃል አላለችም፤ ግን ስለ ፍሬኑ ስታወራ ስለ እሱ እንደምታወራ ገባኝ። ደስ አለኝ ወይስ ፈራሁ ብለው ቢጠይቁኝ ለይቼ ልነግርዎ አልችልም። ያን ጊዜ ይዟቸው ሲጠፋም የሚወዱት አባታቸው ነበር። እየሳቁ ነው የሄዱለት።

ስለዚህ አባባ፣ መልካሙን ይጻፉልኝ፤ ሌላውን ግን አይሸፍኑልኝ።

የልጆቹ እናት


ታኅሣሥ 1

ይድረስ ለምራቴ፤

የእሁዱ ግንኙነት በሰላም ተጠናቋል። አድራሻ አልተጠየቀም። ልጆቹ በሰዓታቸው ለእህትሽ ተመልሰዋል። ድንቡሼ ሙዝ በልታለች። ብርዱ በርትቷል፤ ደርበሽ ልበሺ።

አማትሽ


ታኅሣሥ 9

ለአባባ፤

እርስዎ ሰላምታ ብቻ ገጽ የሚፈጅብዎት ሰው ነዎት። እንዲህ ያለ ደረቅ ሪፖርት እንዲጽፉልኝ ስለምንዎት ከርሜ አሁን ሳገኘው ለእህቴ ደወልኩላት። ቀልድ የለውም። ስለ ትልቋ አንድ ቃል የለውም። እህቴ ደግሞ ልጅቷ ምግብ እንደምትመልስ፣ ምን ሆንሽ ሲሏት “ምንም” እንደምትል ነገረችኝ።

ምን ተፈጠረ?


ታኅሣሥ 15

ይድረስ ለምራቴ፤

ከላብራቶሪ ሰው በሽታ የሚደበቅ መስሎኝ ጠብታ ብቻ ላክሁልሽ፤ ከጠብታዋ አወቅሽው። ይቅርታሽን እለምናለሁ።

በዚያ እሁድ ድንቡሼ እጇ በሙዝ ተጨማልቆ ነበር። አባቷ ሊያጥባት ሁለቱንም ወደ መታጠቢያው ወሰዳቸው። ቧንቧውን ከፈተ፤ እጅ ለማጠብ ከሚያስፈልገው በላይ ከፈተው። ከዚያ ወደ ትልቋ ጎንበስ ብሎ፣ “ትምህርት ቤት የሚዘጋ ቀን በሩ ላይ እጠብቃችኋለሁ። አክስትሽ ሳትደርስ ውጡ። ለእማዬ እንዳትነግሪያት” አላት።

በጆሮዬ አልሰማሁትም። በመስታወቱ አየሁት። እኔ ሃምሳ ዓመት በቶንዶዝ ጩኸት ውስጥ ነው የኖርኩት፤ ደንበኛ ይሄን ቀንስ ያንን ተው ሲለኝ መስታወቱ ውስጥ ከከንፈሩ ነው የማነበው። እንዲያውም የሚያስቸግረኝ ፊት ለፊት የሚያናግረኝ ሰው ነው። ልጄ ደግሞ ያደገው በዚሁ ሱቅ፣ ከእግሬ ሥር የወደቀ ፀጉር እየጠረገ ነው። ቶንዶዝ እየጮኸ ከጓደኞቹ ጋር ያንሾካሾከው ሁሉ ማታ ቤት ሲገባ ከእኔ አፍ ይጠብቀው ነበር። ይሄን ዘነጋው ብዬ ለማመን ይከብደኛል። ሁኔታው ግን የዘነጋ ሰው ሁኔታ ነበር።

ዝም ያልኩበትን ምክንያት ታውቂዋለሽ፤ በኅዳሩ ደብዳቤ ሁለተኛ ገጽ ላይ ነው ያለው። ትምህርት ቤቱ የሚዘጋው በጥር መጨረሻ ነው፣ እስከዚያ ሐሳቡን ይለውጥ ይሆናል፣ እሁዶቹም አይቀሩም ብዬ ነበር። ልጄን በዝምታ ልጠብቀው ነበር እንግዲህ።

ያልቻልኩት ትልቋን ነው። ከትናንት ወዲያ ስትመጣ ተመልሳ አግዳሚው ላይ ተቀመጠች። ምንም አልጠየቀችኝም። ከዚህ በፊት ፀጉር ሲቆረጥ የማያመው፣ ሲነጭ የሚያመው ለምንድን ነው እያለች ስታደርቀኝ የምትውል ልጅ፣ ከገባች እስክትወጣ አንድ ጥያቄ አልነበራትም። እህትሽ በሩ ላይ ስትመጣ ግን ዓይኗን ከእሷ ወደ አባቷ፣ ከአባቷ ወደ እሷ አመላለሰች። ከሁለቱ አንዱን መክዳት እንዳለባት ገብቷታል። ይሄ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ጭነት አይደለም።

ልጆቹ ከሄዱ በኋላ ልጄ መፍቻዎቹን ይሰበስብ ነበር። ጀርባዬን እንደሰጠሁት፣ መታጠቢያው ጋ ያለውን እንዳየሁ ነገርኩት። “ለእናታቸው ልጽፍላት ነው” አልኩት።

የዕቃ ሳጥኑን ክዳን ይዞ ቆመ።

“ጻፈው” አለኝ።

ሳጥኑን ዘጋና ወጣ። ወንበሩ እንደተፈታ ነው። ከዓመት በላይ ሲሆን ልጄ ለእኔ ብሎ የተናገረው ቃል ይኸው ነው። ቁጣ ይሁን ልመና ከፊቱ ላነብ ሞክሬ ነበር፤ አንገቱን ደፍቶ ነበር።

ይህን ደብዳቤ ገጽ እንዳታስቀሪለት። ሁሉንም አስገቢው።

አማትሽ


የካቲት 5

ለአባባ፤

በመሃል የላኳቸው ሁለት ደብዳቤዎች ደርሰውኛል። ጉዳዩ ችሎት ላይ እያለ መልስ እንዳልጽፍልዎ ጠበቃዬ ስላስጠነቀቀችኝ ነው የዘገየሁት። ሰላምታዎ እንኳ ሳይመለስ ቀረ፤ ስለዚህ አሁን የሁለቱንም አንድ ላይ፦ እንደምን ከረሙ?

ደብዳቤውን እንዳሉት ሙሉውን አስገባሁት። ሁለተኛውንም ገጽ ጭምር፣ የኅዳሩን ማለቴ ነው። እርስዎ ምን እያጡ እንደጻፉት ዳኛዋ ሳታውቅ እንድትፈርድ አልፈለግሁም።

ትምህርት ቤቱ በተዘጋ ቀን እህቴ ገና ከመደወሉ በፊት ሄዳ በር ላይ ቆመች። እሱ አልመጣም። ዘበኛውንም ጠየቀችው፤ ማንም እንዳልነበረ ነግሯታል። ይሄንንም ለፍርድ ቤት ተናግሬያለሁ። ለእሱ ብዬ አይደለም፤ የሆነው ያ ስለሆነ ነው።

ውሳኔው እንዲህ ነው። ልጆቹን ማየቱ አልተቋረጠም። ከእንግዲህ ግን የሚያያቸው በከተማው ማዕከል፣ የማዕከሉ ሠራተኛ ባለበት፣ ለአንድ ሰዓት ነው። የሚያዝያው ቀጠሮ ወደሚቀጥለው ዓመት ተላልፏል። ማዕከሉ ወረፋ ስላለበት ተራው እስኪደርሰው ወራት ይፈጅበታል፤ እስከዚያ አያያቸውም። እርስዎ ከተቆጣጣሪነት ተሰናብተዋል። በእሱና በእኔ መካከልም በማንም በኩል መልእክት እንዳይተላለፍ ታዟል። ዳኛዋ ሪፖርትዎን “ሊታመን የሚገባ” ብላዋለች። ይህ ቃል ባይኖርበት ኖሮ ግንኙነቱ ከነጭራሹ ይቋረጥ እንደነበር ጠበቃዬ ነግራኛለች።

ለትልቋ በስልክ ነገርኳት። አባባ በራሱ ዓይን አይቶ እንደነገረኝ አስረዳኋት። “እኔ አልተናገርኩም አይደል?” አለችኝ። አልተናገርሽም አልኳት። ያን ዕለት ራቷን በልታለች።

ለምን እኔን መረጥሽ ብለውኝ ነበር። ያን ጊዜ ደውለው ልጆቹ ያሉበትን ቤት ከነገሩኝ በኋላ ስልኩን አልዘጉም። “ልጄን ግን እንዳታሳስሪብኝ” አሉኝ። ሁለቱን በአንድ ስልክ የሚናገር ሌላ ሰው አላውቅም ነበር።

ልጆቹ በየሁለት ሳምንቱ እሁድ እርስዎ ጋ መምጣታቸውን ይቀጥላሉ። ለዚህ ተቆጣጣሪ አያስፈልግም ተብሏል። እኔ በዚህ ከዳኛዋ ጋር አልስማማም።

የልጆቹ እናት


የካቲት 20

ይድረስ ለምራቴ፤

በደብዳቤሽ መጨረሻ ላይ ቀልድ አገኘሁ መሰለኝ፤ መነጽሬን ጠርጌ ደግሜ አየሁት፣ አልጠፋም። እዚያ የምትማሪው ደም ብቻ እንዳልሆነ ተረዳሁ። ለአቃቤ ሕጓ ሳነብላት ቁጥጥሩን እሷ እንደምትወስደው አሳወቀችኝ። አሁን በመጣች ቁጥር ምላጮቼን ትቆጥራለች፤ ስኳር ስንት ማንኪያ እንደምጨምር አይታ ለእህትሽ ታቀርባለች። ጥያቄውም ተመልሷል። ዳኛ ሲያጠፋ የሚፈርድበት ማን ነው ብላኛለች፤ የምታውቂው ካለ ጻፊልኝ፣ እኔ እሁድን ለማለፍ ዳኛ አያጠፋም ብዬ ዋሽቻለሁ።

የምጽፍልሽ ግን ለሌላ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሱቁ ሞልቶ ነበር። ልጄ ገባ። ከሁለት ተማሪዎችና ከአንድ ፖስተኛ ቀጥሎ ተቀምጦ ተራውን ጠበቀ። ሌላ ቦታ የሚቆረጥ ሰው ነው፤ ከተኳረፍን ወዲህ አንገቱ ላይ የሌላ ሰው መቀስ የሠራውን ስህተት እያየሁ ነው የከረምኩት። ሲደርሰው እንደማንኛውም ደንበኛ እንዴት ላድርገው አልኩት። “አሳጥረው” አለኝ። በዓመት አንድ ቃል ለነበርን ሰዎች ፍጥነታችን የሚያስደነግጥ ነው።

አሳጠርኩት። ስለ ፍርድ ቤቱ አላነሳም፣ እኔም አላነሳሁበትም። ሽበት አግኝቼበታለሁ፤ ዝም ብዬ አለፍኩት፣ ለእኔ ትልቅ ነገር ነው። ጨርቁን ሳራግፍ ግን እጄን ያዘኝ።

“እንዴት ናቸው?” አለኝ።

አፌ ላይ ስንት ነገር እንደመጣ አትጠይቂኝ። እኔ ወሬ ሳላወራ ፀጉር መቁረጥ የማልችል ሰው ነኝ፤ የጠየቀኝ ደግሞ የገዛ ልጄ ነው፣ ስለ ገዛ ልጆቹ። ነገር ግን ዳኛዋ ታማኝ ብላኛለች፤ በዚህ ዕድሜዬ ይህን ስም ሳልለብሰው ማስወሰድ አልፈልግም። “አስፈቅጄ እነግርሃለሁ” አልኩት። ይቆጣል ብዬ ነበር። ጭንቅላቱን ነቀነቀና፣ ሐሙስ ወንበሩን ሊጨርስ እንደሚመጣ ነግሮኝ ወጣ።

እንግዲህ እያስፈቀድኩ ነው። ስለ ትምህርት ቤታቸው፣ ስለሚውሉበት፣ ስላንቺ አንዲት ነገር አይወጣኝም። አንድ ወሬ ብቻ ነው የምለምንሽ። ባለፈው እሁድ ድንቡሼ እዚህ ብስኩት ስትነክስ ጥርሷ ወለቀ፤ የመጀመሪያዋ ነው። ተራው ደርሶት እስኪያያት አዲሱ ይበቅልና ያመልጠዋል። እምቢ ብትዪ አልቀየምሽም፤ ለእሱም ያንቺ እምቢታ መሆኑን አልነግረውም፣ ረሳሁት እለዋለሁ። ሽማግሌ ስለሆንኩ ያምነኛል።

ልንገረው?

አማትሽ


የካቲት 26

ለአባባ፤

ይንገሩት።

የትኛዋ ጥርስ ናት ብሎ ይጠይቅዎታል፤ እርስዎ ደግሞ አላስተዋሉ ይሆናል። ደውዬ ከራሷ ጠይቄያለሁ። ከታች፣ በግራ በኩል ያለችው ናት። አላለቀሰችም።